ባዶው ደቂቃ

ብርዱ ገብቶ ሰው ሁሉ በርና መስኮቱን ሲዘጋ፣ እትዬ መስኮቷን መወልወል ጀመረች። በውርጭ ወራት ሜዳው ላይ የሚለቀም ነገር ሲጠፋ ወፎቹ ወደ ጓሮ ይጠጋሉ። ከክፍሏ ፊት ለፊት በተተከለ እንጨት ላይ ጥሬ የሚቀመጥበት ገበታ አለ፤ እሱን ከበው ሲለቅሙ ፎቶ ታነሳቸዋለች።

ሠላሳ ዓመት ካርታ ስትነድፍ የኖረች ሴት ናት። ከፀጉር የቀጠነ መስመር ያሰምሩ የነበሩትን ዓይኖቿን አሁን ሞራ ጋርዷቸዋል። በባዶ ዓይኗ ወፍ ከቅጠል አትለይም። ፎቶውን ቴሌቪዥን ላይ አጉልታ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስታይ ግን ላባ ትቆጥራለች። ካሜራውን በየደቂቃው በራሱ እንዲያነሳ አድርጎ መስኮቱ ላይ የተከለላት አውቶብስ ነጂው ወንድሟ ነው። ካሜራው ከገበታው ሌላ ምንም አያሳይም።

ከፊት ባለው ዋናው ቤት ታናሿ ትኖራለች። ሃምሳ ዓመት ቢያልፋትም ሚጢ የሚለው ስም አልለቀቃትም። ትዳር ሳትይዝ እናታቸውን ጦራ ቀበረች፤ አሁን ደግሞ እትዬን ትጦራለች። መርፌዋ ላይ ክር ታስገባላታለች፣ ደብዳቤዋን ታነብላታለች፣ የዓይን ጠብታዋን ታደርግላታለች። ጠዋት ጠዋት ለወፎቹ ጥሬ ትበትናለች።

«እኔ ሳነሳቸው እየዋልኩ አንቺ ትከሻ ላይ ያርፋሉ፤ ውለታ ቢስ ሁሉ!» ትላታለች እትዬ።

«እኔ አበላቸዋለሁ፣ አንቺ ትሰልያቸዋለሽ።»

ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለዚሁ ሲባል የእናታቸው የወርቅ ሐብል እንዲሸጥ ሦስቱም ተስማምተዋል። ዓይኗ ሲበራላት ሌላ ከተማ ካለችው ልጇ ጋር ልትኖር ነው። ሻንጣውንም ሚጢ ራሷ ገዝታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣላታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ወንድሟ እትዬን ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ቀጠሮ ነበራቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሳቢያዋን ከፍታ ሐብሉን እንደ ልማዷ ዳሰሰችና ወጣች። የጓሮው በር ላይ ቆማ እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቀችው። ቀረ። ወደ መድኃኒት ቤት የምትሄደው ሚጢ ታክሲ አሳፈረቻት።

ሐኪሙ ቀጠሮው ከተላለፈ ግራ ዓይኗ እንደማይመለስ ነገራት። አምስት ሰዓት ላይ ቤቷ ስትገባ መሳቢያው ውስጥ የጠበቃት ሐብሉ የተጠቀለለበት ጨርቅ ብቻ ነበር።

ሚጢ ስትሰማ እንባዋ ቀደማት።

«የጓሮው በር ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ያለው?» አለች እትዬ።

«አንቺ ጋ፣ እኔ ጋ፣ እና… ኧረ ተዪው እትዬ፣ ወንድማችን እኮ ነው!»

«ምን አይተሽ ነው?»

«ምንም። እሁድ ለታ መሳቢያሽ አጠገብ ቆሞ አይቼው… ምላሴን ይቁረጠው!»

እትዬ ስልኩን አነሳች። ወንድሟ ጎማ ፈንድቶበት እንደቀረ ሊያስረዳት ሲጀምር፣ «የፈነዳውስ ጉድህ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብላ ዘጋችበት። ሚጢ አቀፈቻት።

«አይዞሽ። እኔ ዓይን እሆንሻለሁ።»

በማግስቱ ሚጢ ገበያ እንደሄደች ወንድምየው ሳይጠራ መጣ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ድምፁ ያስታውቃል። እትዬ እንኳን ደህና መጣህ አላለችውም፤ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ጋራዥ። መካኒኩን ጠይቂ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«መንገድ ዳር፣ ከጎማዬ ጋር። እሱን ጠይቂ።»

አልሳቀችም። «እዚህ ክፍል የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው፤ በገበታው ሥር ያልፋል። ሰው ሲያልፍ ወፎቹ ይነሳሉ፤ ተመልሰው እስኪያርፉ ብዙ ይቆያሉ። ካሜራው ሌባውን ባያሳይም ባዶ ገበታ ያሳያል። ባዶው ደቂቃ ከአራት ሰዓት በፊት ከሆነ እግዜር ይይልህ።»

ከሦስት ሰዓት ጀመሩ። ቀይ ደረት ያላት አንዲት ወፍ ብቻዋን ትለቅማለች። ሦስት ከሩብ ላይ አራት ሆነው ይጣላሉ። ሦስት ተኩል ላይ ሰባት ናቸው። እትዬ አንዱንም ሳትዘል በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አራት ሰዓት አለፈ፤ ወንድምየው ትንፋሹን ለቀቀ። አራት ተኩልም አለፈ። ወፎቹ አንዴም ከገበታው አልጠፉም።

ባዶው ደቂቃ የመጣው አምስት ሰዓት ከሁለት ላይ ነው፤ እሷ ራሷ ከሐኪም ቤት ስትመለስ።

«እንግዲያው ሌባዋ አንቺ ነሽ» አለ ወንድምየው። «ማንም አላለፈማ! ሐብሉ ክንፍ አውጥቶ በረረ በይ።»

ቆቡን አንስቶ ወጣ። ይቅር በለኝ ልትለው አፏን ስትከፍት ወፎቹ ፍርርር ብለው ሲነሱ ሰማች። የጓሮው በር ተዘጋ።

እትዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። እግሯ ሻንጣውን ነካው። ብዙ ቆይቶ ወፎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ገበታው ላይ ሲጨቃጨቁ ይሰማታል።

የጓሮው በር እንደገና ተከፈተ።

«እትዬ! መጣሁ፣ የጠብታሽ ሰዓት ደርሷል!»

የሚጢ ኮቴ በገበታው ሥር አለፈና ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ወፎቹ መልቀማቸውን አላቋረጡም።