አርማታው አልነበረም

«እስቲ እንደገና አሳዪኝ» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

ሠርከአዲስ ቁጥሮቹን ወደነበሩበት መለሰች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመጋዘን ጣሪያ ቀላ። ዲንሾ መውጫ ላይ የነበረው፣ ያ ከባድ በረዶ የወረደ ቀን የተደረመሰው የእህል መጋዘን ነው። የገበሬዎቹ ዩኒየን በቦታው ሌላ ሊያሠራ ስላሰበ፣ የመጀመሪያው ለምን እንደወደቀ የማጥናቱ ሥራ ሮቤ ላለው መሥሪያ ቤቷ መጣ። ሽማግሌውን አስፈልጋ ያስጠራቻቸው ግን እሷው ናት። የመጋዘኑ ምሰሶዎች በአርማታ ሲሞሉ ፎርማኑ እሳቸው ነበሩ። ጣሪያው ሲወርድ ውስጥ ጆንያ ይደረድር የነበረው አያና ደግሞ የእሳቸው ልጅ ነው።

«ቀይ ማለት ጣሪያው ጭነቱን አይችልም፣ ይወድቃል ማለት ነው» አለች። «አሁን አርማታውን ብቻ ነው የምነካው። ሌላው እንዳለ ይቆይ።»

የአርማታውን ጥንካሬ ከፍ አደረገችው፤ አዲስ አበባ እንኳ በስንት መከራ የሚገኝ ዓይነት አርማታ። ጣሪያው እንደቀላ ነው። ከዚያ ግማሽ አድርጋ ጣለችው። አሁንም ያው።

«አዩ? የእርስዎ ሥራ ቢያምርም ቢበላሽም ለዚህ ጣሪያ ለውጥ የለውም። ይሄን የጣሪያ ብረት ግን ትንሽ ባወፍረው…»

ጣሪያው አረንጓዴ ሆነ።

«እኛ ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ እንለዋለን። አንድ አንዱን ብቻ እየነካኩ፣ ቤቱን የቱ ጋ ሲነኩት እንደሚያመው መፈለግ ነው።»

ኦቦ ለሜሳ ዓይናቸውን ከአረንጓዴው ላይ አላነሱም። «እኔ እኮ አርማታው ላይ ውሃ ጨምሬአለሁ» አሉ። «ሠራተኞቹ ደክመዋል፣ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል። ውሃ አድርጉበትና ቶሎ እንጨርስ አልኩ። በዚህ አፌ።»

«አውቃለሁ። ከፍርስራሹ ተቆርጦ የተመረመረው አርማታም ደካማ ነው። ጣሪያውን የጣለው ግን እሱ አይደለም።»

«ብረቱን ማን አቀጠነው ታዲያ?»

«ፕላኑ ላይ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበር። የፈረመው መሐንዲስ አገር ለቆ ሄዷል።»

«ያውቃል?»

«አያውቅም። የሚነግረውም የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠርከአዲስ ይህን ቀን በልቧ ስታስበው ሰንብታ ነበር። ያለቅሳሉ ወይም ይመርቁኛል ብላ ነበር። ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ የግንበኛ ማንኪያ አልጨበጡም፤ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነዋል አሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ ልቅሶ ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ «ልጄን በውሃ ገደለው» ብለው ጎባ ወንድማቸው ቤት ከገቡ አልተመለሱም። እንዲህ ያለ ሸክም ከሰው ትከሻ ላይ ማውረድ ለእሷም ትልቅ ነገር ነበር።

ሽማግሌው ግን አላለቀሱም፣ አልመረቁምም። ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ዘረጉላት።

«የአሰፋሽ ቁጥር እዚህ አለ። የኔን አታነሳም፤ በራስሽ ስልክ ደውይ። እኔን እንዳሳየሽኝ ንገሪያት፣ ልጄ።»

ደወለች። መንገዱ በባጃጅ ጩኸት ተሞልቶ ስለነበር ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ማን ልበል?» አለ የደከመ የሴት ድምፅ።

ሠርከአዲስ ማንነቷን ተናገረች። ስለ በረዶው፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ፕላኑ አስረዳች። አርማታው የፈለገውን ያህል ቢጠነክር አያና ከዚያ ጣሪያ እንደማይተርፍ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች ነገረቻቸው። ወይዘሮ አሰፋሽ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም።

«ጨረስሽ፣ ልጄ?»

«አዎ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሃ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?»

«ጨምረዋል፣ ግን እኮ…»

«ጨምሯል።»

ስልኩ ተዘጋ። ሠርከአዲስ መልሳ ልትደውል ቁጥሩን አወጣችና ተወችው።

ስትገባ ኦቦ ለሜሳ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ምን አለች?»

«ተቋረጠ» አለች። «ኔትወርኩ ነው።»

«ሰምታለች ግን?»

«ሰምተዋል… መጀመሪያውን ሰምተዋል።»

«ድምፅዋ እንዴት ነው? ደህና ነች?»

«ደህና ናቸው።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ እንደማለት። «የጎባ ኔትወርክ እንዲህ ነው። መልሳ ትደውል ይሆናል።»

ሠርከአዲስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ወንበሩን ወደ ስልኩ አስጠጉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና ተቀመጡ።

«ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ» አሏት። «እኔ እጠብቃለሁ።»