ያልጮኸው ቁልፍ

ጌድዮን የልጁን አገጭ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ማሙሽ ከንፈሩን ገጥሞ አልከፍትም አለ። ለሃጩ ደረቱን አርሶታል። ከረፋድ ጀምሮ ወተት ሲሰጡት እየተፋ፣ ምግብ ሲያይ እያለቀሰ ነው የዋለው። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ማር አለ።

ማሩን ሲያይ ጌድዮን ደሙ ፈላ። አማቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ከጎጃም ከመጡ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ የልጁ እንጥል ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት እንጥሉ ሳይቆረጥ መቅረቱ እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ አስኮ እጁ የተባረከ ቆራጭ እንዳለ ሳይቀር አጠያይቀው ደርሰውበታል። ጌድዮን አይሆንም ባለ ቁጥር «እሺ» ብለው ዝም ይላሉ። እሱ የሚፈራው ያንን «እሺ» ነው። ቁስል ላይ ማር እንደሚቀቡ ደግሞ ያውቃል።

ዛሬ የት ወጥተው እንደነበር ጠየቃቸው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተሳልመው መመለሳቸውን፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩት ነገሩት። በሩ ሥር ያለው ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ለመሳለም ይህ ሁሉ ጭቃ? ሚስቱ እፀገነት ልጁ ከእሷ እጅ እንዳልወጣ ብትምልም አላመናትም። እናትና ልጅ መክረውበታል አለ በሆዱ።

«አስቆርጠውታል አይደል፣ እማማ?»

«ባስቆርጠው እነግርህ ነበር። አልፈራህም እኮ» አሉ አሮጊቷ። «ምራቁን መዋጥ ሲቸግረው ጊዜ ማር አላስሁት። ሌላ የሠራሁት የለም።»

ሐኪም ጉሮሮውን አይቶ ይፍረደና አለ ጌድዮን። እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ከማሳከም ይልቅ አማቱን ማጋለጥ ነበር የቸኮለው። ልጁን ለእናቱ አሳቅፎ የመኪናውን ቁልፍ ከምንጣፉ ላይ አነሳና ወደ ግቢው ወጣ።

የቁልፉን ሪሞት ተጫነው። መኪናው አልጮኸም። ደግሞ ተጫነው።

ይህ ቁልፍ የማሙሽ መጫወቻ ነው። ልጁ ሲጫነው መኪናው ከውጭ ይጮሃል፣ እሱ በሳቅ ይፈርሳል። ዛሬ ጠዋት ጌድዮን ነዳጅ ለመቆጠብ በታክሲ ሲሄድ፣ ልጁ ተከትሎት እንዳያለቅስ ቁልፉን እጁ ላይ ትቶለት ሹልክ ብሎ ነበር የወጣው። የሪሞቱ ክዳን ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ራሱ ነው በፕላስተር የለጠፈው። አሁን ፕላስተሩ ተልጦ ተንጠልጥሏል።

ክዳኑን በጥፍሩ ከፈተው። ባለፈው ሳምንት የገዛት፣ ሳንቲም የምታህለው ጠፍጣፋ ባትሪ የለችም።

ልጁ ሳይውጣት አልቀረም ብሎ ወደ ቤት ሮጠ። ቤቱን አገላብጠው ፈለጓት፣ የለችም። እፀገነት ነርስ ለሆነችው የአክስቷ ልጅ ለፅጌ ደወለች። ፅጌ ረጅም ወሬ አልፈለገችም።

«አሁኑኑ ራጅና የሕፃናት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ጉሮሮው ላይ ከቆመች በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ታቃጥለዋለች፤ በመሣሪያ ነው የምትወጣው። ምግብ አትስጡት፣ ለማስመለስም እንዳትሞክሩ። መዋጥ ከቻለ ብቻ በየአሥር ደቂቃው ሁለት ትንንሽ ማንኪያ ማር ስጡት፤ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ማር ፍለጋ ግን እንዳትቆሙ።»

ማር ፍለጋ መቆም አላስፈለጋቸውም። ወይዘሮ አስካለማርያም ብልቃጡን በነጠላቸው ጠቅልለው ቀድመው ከኋላ ገብተዋል፤ ልጁም እሳቸው ጭን ላይ ነው፤ እፀገነት ከጎናቸው ተቀመጠች።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ጎማው እየተንሸራተተ ዋናው አስፋልት ላይ እስኪወጡ ጌድዮን ጫማቸውን አሰበ። ሰፈሩ በሙሉ ጭቃ ነው፤ የእሱም ጫማ ከእሳቸው አይሻልም። ይቅርታ ሊጠይቃቸው ፈለገ። አፍሮ በመስታወቱ አያቸው። ማንኪያዋን ወደ ልጁ አፍ እያስጠጉ ነው፤ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ በአገጩ ወረደ።

«እኔን አትይ፤ መንገዱን እይ፣ ልጄ» አሉት።

ዓለም ባንክ ሰፈር ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ማሙሽ ከአያቱ ክንድ ተንጠራርቶ፣ ለሃጩን እያዝረከረከ፣ መሪው ሥር ወደ ተሰካው ቁልፍ እጁን ዘረጋ።