ወደ ግራ ያዘነበለችው ፊደል

መርማሪው ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራታል። ደረቅ ድምፅ ትሰጣለች። ነሐስ እንዲህ አይጮህም።

«እርሳስ የበዛባት ናት» ይላል። «ጀርባዋ ላይ ግን የከተማችሁ ፊደል አለ። እናቷን ከዚህ የሳንቲም ማቅለጫ ግቢ ሰርቀው ነው የቀዷት። የዚችን እናት የቀረጸው ማነው?»

እናት የምንለው በእጅ የተቀረጸችውን የመጀመሪያዋን ሳንቲም ነው፤ አሸዋ ላይ ትታተማለች፣ ሌሎቹ በቅርጿ ይቀዳሉ። እናቲቱ ከወጣች የሚጠየቀው ቀራጯ ነው። ቅጣቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወባው አገር መጋዝ ነው። ሄዶ የተመለሰ አላየሁም።

የመርማሪው ጸሐፊ የግቢውን መዝገብ ይገልጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቀራጭ፦ አለቃ ቺው» ይላል። የእኔ ስም አንድም ቦታ የለም። ቺው ከቤተ መንግሥት አንድ ጥቅል ሐር የተሸለመ ጊዜ እንኳ ለእኔ የደረሰኝ ሐሩ የታሰረበት ገመድ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ፈረምኩ እንጂ አልቀረጽኩም» ይላል ቺው። «ፊደሏን ይዩልኝ፤ ወደ ግራ ታዘነብላለች። የዚህ ግራኝ ሥራ ናት።» በአገጩ ወደ እኔ ይጠቁማል።

«ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ሥራ ላይ ስትፈርም ኖርክ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

ይቺን «አዎ» ስንት ዓመት ጠበቅኳት። ስትመጣ ምንም አልተሰማኝም።

መርማሪው ወደ እኔ ይዞራል። «አንተስ?»

«እኔ አሸዋ ነፊ ነኝ፣ ጌታዬ። አለቃ ራሳቸው ናቸው በሰው ፊት እንዲህ የሚሉኝ።»

«አሸዋ ነፊ!» ቺው ይጮሃል። «ግራ እጅህን በቀርከሃ ስገርፍ የኖርኩት አሸዋ እንድትነፋልኝ ነው?»

መርማሪው ለስላሳ የነሐስ ቁራጭና መቅረጫ ወደ እኔ ይገፋል። «ፊደሏን ቅረጻት።»

እናቲቱን አልሰረቅኩም፤ ማን እንደሰረቃትም አላውቅም። ፊደሏን ካበላሸኋት ግን ቺው ወደ ደቡብ፣ እኔ ወደ ቤቴ። መቅረጫውን በቀኝ እጄ አነሳለሁ።

መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ዶሮ የጫረው ይመስላል።

ጸሐፊው በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ያያል፤ ይስቃል። «ይሄ እንኳን ፊደል ዱባም አይቀርጽ!»

የቺው ፊት አመድ ይሆናል። መርማሪው «በቃ፣ ጻፍ» ይላል።

ጸሐፊው ብሩሹን ቀለም እያጠቀሰ ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል። «ጓን ሉ...»

ስሜ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«...መቅረጽ የማይችል።»

ደክሞኛል። ቤቴ ቅርብ ነው፤ ዝም ብዬ መነሣት ብቻ ነው የቀረኝ። ቁራጩን እገለብጠዋለሁ፤ ንጹሕ ፊቱ ወደ ላይ ይሆናል። መቅረጫውን ወደ ግራ እጄ አዛውራለሁ።

ነሐሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ይነሣል። ስጨርስ ብናኙን እፍ እላለሁ፤ ፊደሏም ወደ ግራ ዘንበል ብላ ትወጣለች።