የባሕሩ አዋሳኝ

አንድ ኩባንያ ባሕር ውስጥ ላለው የጋዝ መስክ ያገኘውን ፈቃድ ለሌላ ለማስተላለፍ ጠየቀ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ጋሽ ይርዳው ግን እንደ ቤት ሽያጭ "በአራቱም ማዕዘን ያሉ አዋሳኞች ይስማሙ" አሉ።

ቢሮው በሙሉ አውካካ።

"ጋሼ፣ ባሕር እኮ ነው። ዓሣ ይፈርም?" አለ ዳይሬክተሩ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ።

ጋሽ ይርዳውም እየሳቁ ጋዜጣ ላይ "አዋሳኝ ነኝ የሚል በአሥር ቀን ውስጥ ይቅረብ፤ ያልቀረበ መብቱን ያጣል" ብለው አወጡ። ጸሐፊዋ በየጠዋቱ "ዓሣው መጣ?" እያለች ስትገባ ሳቁ እንደ አዲስ ይጀመራል።

በአሥረኛው ቀን አንዲት ዘናጭ ወይዘሮ ባለማኅተም የጋዝ ፈቃድ ይዛ እያለከለከች ገባች።

"በምዕራብ በኩል አዋሳኟ እኔ ነኝ።"

ጋሽ ይርዳው ፈቃዱን አገላብጠው አዩት። "ይሄ መዝገባችን ላይ የለም። ማን ሰጠዎት እመቤቴ?"

"ባለቤቴ ነዋ፤ ለልደቴ" አለች፣ ለዳይሬክተሩ እጇን እያውለበለበች።