የናሁሰናይ አሻራ

ጠበቃዋ በየዓለም አቀፉ መድረክ ስትሟገት የኖረችው ለአንድ ነገር ነው፤ ስደተኞች በጠረፍ ጣቢያ የሚሰጡት አሻራ፣ ፎቶና የጉዞ መረጃ አሳዳጆቻቸው እጅ ሳይገባ በዓመቱ እንዲጠፋ። ዘንድሮ ደንቡ ጸደቀ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት።

በሳምንቱ እናቷ ደወለች። ካቻምና ተሰዶ ድምፁ የጠፋው የጠበቃዋ ታናሽ ወንድም ናሁሰናይ፣ ጠረፍ ጣቢያ ላይ ተመዝግቦ እንደነበር ሰው ነግሯታል።

«አንቺን የማያውቅ ባለሥልጣን የለም። በሞቴ፣ በየት በኩል እንደሄደ ብቻ ጠይቂልኝ» አለቻት።

ጠበቃዋ በማግስቱ ጣቢያው ደረሰች። ኃላፊው ስሟን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ! ደንብዎን ከሁሉም ቀድመን ሥራ ላይ ያዋልነው እኛ ነን። ዓመት ያለፈውን መረጃ በጸደቀ ማግስት ሙልጭ አድርገን አጠፋነው፤ አንድ ሰው እንኳ አልተረፈም።»

ወንበር ሳበላት።

«ለመሆኑ በምን ልታዘዝ?»