ዘጠነኛው ጓጉንቸር

በቀበሌው የታሰሩ የአእምሮ ሕሙማንን ስታስፈታ የሰነበተችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘጠነኛው ቤት ደረሰች።

«ልጄ፣ ብፈታው ገደል ይገባብኛል» አሉ ሽማግሌው፣ ምሰሶው ሥር በሰንሰለት የታሰረ ልጃቸውን እያዩ።

«አይገባም አባባ። ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳክመዋለሁ፤ መድኃኒቱንም በየወሩ እኔው አመጣለታለሁ። ሰውን እንደ ከብት ማሰር ነውር አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው አፍረው አቀረቀሩ። ሰንሰለቱን ፈትተው ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ አስረከቧት።

ቤቷ ገብታ የሰበሰበቻቸውን ጓጉንቸሮች መደቡ ላይ ዘረገፈች። አንድ በአንድ እየጎተተች ሞከረቻቸውና የሽማግሌውን መርጣ ለእናቷ ሰጠቻት።

«እማዬ፣ ይሄንን እንኳን አይሰብረውም።»

ከጓዳ ሰንሰለት ተንቃጨለ፤ የወንድሟ ድምፅ ተከተለ።

«እህት ዓለም፣ ዛሬስ ስንት ሰው አስፈታሽ?»