ከጎደለ አልሸጥም

በላይነሽ አገልግሏን አንጠልጥላ አቃቂ በሰቃ ካለው የመገርሳ ሱቅ ስትደርስ መስኮቱ ገና መከፈቱ ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ረፋድ ላይ አቃቂ ይቆማል። እሱ ካመለጣት እስከ ቅዳሜ ሌላ የለም።

ልጇ ካሳሁን የባቡር ሠራተኛ ነው። ከፉርጎ ሲወርድ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ድሬዳዋ ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቷል። የልጁን ቃል የሚያደርስላት የጣቢያው ስልከኛ ዱጉማ ነው። በመጨረሻ ያደረሰላት፣ እግሩ እየዳነ መሆኑን፣ ጣሪያ ማየት ግን እንዳንገሸገሸው፣ ስትመጣ የሚገጣጠም ሥዕል እንድትይዝለት ነበር።

ፈረንጆች ደህናውን ሥዕል ካርቶን ወይም ጣውላ ላይ ይለጥፉና ብጥስጥሱን ያወጡታል። ከዚያ ቁጭ ብለው መልሰው ይገጥሙታል። በላይነሽ ይህን የሰማች ቀን፣ ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አይተዉትም ብላ ነበር። ካሳሁን ግን ልጅ ሳለ ከአንድ ግሪክ ጎረቤት ቤት ለምዶት ቀረ።

መገርሳ አገራቸው የሚገቡ የፋብሪካ ፈረንጆችን ዕቃ ጠቅልሎ እየገዛ ይቸረችራል። ፈረንጅ ትቶት የሚሄድ ዕቃ መቼም ሙሉ አይደለም፤ ማንቆርቆሪያው ክዳን የለው፣ ሰዓቱ ደቂቃ ቆጣሪ የለው። የሚገጣጠሙትን ሥዕሎች ሣጥኖች አቧራቸውን እየጠረገ ባንኮኒው ላይ ደረደረላት።

አንደኛው ከጣውላ የተሠራ፣ ቁርጥራጩ መዳፍ የሚያህል ድመት ነው።

«ይቺን ይውሰዱ፣ እትዬ በላይነሽ» አላት። «ሕፃን እንኳ ይገጥማታል። ባቡሩ እንዳያመልጥዎ።»

«ልጄ ሕፃን ነው?»

«አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ሕፃን ነው።»

ሌላው ክብ የመርከብ ሥዕል ነበር፤ ዳርና ዳሩ ውሃ በልቶት አብጧል። ሦስተኛው ክዳኑ ጠፍቶ ምን እንደሚወጣው አይታወቅም። ምን እንደሚሆን ሳያውቁ መግጠምማ ኑሮም ያው ነው፣ ለእሱ ገንዘብ አላወጣም ብላ ገፋችው። የቀረው የበረዶ ተራራ ነው፤ ቁርጥራጩ ጥፍር ጥፍር ያህላል፣ ከግማሽ በላይ ነጭ በነጭ ነው። ዓይኗ እሱ ላይ አረፈ። ይህ ቢያንስ ቀኑን ይገፋለታል። መገርሳ ግን ወር እንደሚፈጅ፣ የታመመ ሰው እንደሚያናድድ ነግሮ ድመቷን መልሶ አስጠጋላት። ደግሞ ለመንገዱ ማን አብሯት እንደሚሄድ ጠየቀ፤ ሳሪስ ያለው ወንድሟ ጋሽ አምባውስ?

«አምባው?» አለች በላይነሽ። «የአባታችንን ቤት ከተካፈልን ወዲህ መቼ መጥቶ ያውቃል? እሱ ደጄን የሚረግጠው ለለቅሶ ነው።»

ይህን ጊዜ ዱጉማ ገባ። ክብሪት እንዲሰጠው ጠየቀና ወዲያው በላይነሽን አያት። ሌላ ቀን ቢሆን የካሳሁን እናት እያለ ሲቀልድባት ያረፍዳል።

«ልጄ ምን አለ ዛሬ?»

«ሽቦው ተበጥሷል» አለ ወደ ጣሪያው እያየ።

ከዚያ መገርሳን ወደ ጓዳ ጠርቶ አንሾካሾከበት። ሲወጣ ክብሪቱን ረስቶ ሄደ። ወዲያው የመገርሳ ሚስት ጠጄ በጓሮ በር ወጣች፤ ወደ ሳሪስ በሚሄድ መኪና ስትሳፈር በላይነሽ በመስኮቱ አየቻት።

መገርሳ ተመልሶ ድመቷን ባንኮኒው ሥር ከተታት።

«ያሉት ይሻላል። በረዶውን ይውሰዱ» አለ። «ግን ሳልቆጥር አልሰጥዎትም። ከጎደለ አልሸጥም።»

ሣጥኑ ላይ የቁርጥራጩ ብዛት ተጽፏል። መገርሳ ሁሉንም ዘረገፈና አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ነፋስ እንዳይበትንበት ብሎ በሩን ዘጋ። እንቁላል በእፍኝ በእፍኝ እያነሳ ሲቆጥር ተሳስቶ የማያውቅ ሰው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ። ደግሞ ጠፋበት።

በላይነሽ ነገሩ ገባት። ዱጉማ ከሳሪስ የተሻለ ገዢ አግኝቶለታል፤ ጠጄ ልትጠራ ሄዳለች። እሷ ተሰላችታ ጥላ እንድትሄድ ነው የሚያጓትታት። የጠገበ ነጋዴ ደግሞ ለደሃ ጆሮ የለውም።

«ድመቷን አምጣት፣ በቃ።»

«ድመቷ ጆሮ የላትም፣ እትዬ።»

«ያለ ጆሮዋ ትሂድ።»

«ልጁን አያሳዝኑት» አለ። እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ባቡሩ ከቃሊቲ በኩል ሲጮህ አገልግሏን ልታነሳ ጎንበስ አለች። አገልግሉ የለም። መገርሳ ከባንኮኒው ኋላ፣ ከእግሩ ሥር አስቀምጦታል። እስኪሰጣት፣ በሩን እስኪከፍትላት፣ መቀርቀሪያው እምቢ እስኪለው ድረስ የባቡሩ ጭስ ከዛፎቹ በላይ ወደ ዱከም ዞረ።

በላይነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ዞራ የሚባለውንና የማይባለውን ሁሉ አወረደችበት። ልጇ መንገድ መንገድ እያየ እንደሚውል፣ እግዜር በልጆቹ እንዲከፍለው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጨው እንኳ ከደጁ እንደማትገዛ ነገረችው። መገርሳ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ስታበቃ ቁርጥራጩን በሙሉ ሰብስቦ ሣጥኑን አሰረላት። ገንዘብ ብትዘረጋ እጇን መለሰው።

«ጎደለ ወይስ ሞላ?» አለችው በንቀት።

መገርሳ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ሱቁን ቆልፎ አገልግሏን ተሸከመና ከኋላዋ ተከተላት። ሐፍረት ይዞታል አለች በሆዷ፤ ይያዘው።

ሰፈሯ ደረሱ። የጎረቤቶቿ በሮች እንደ ተከፈቱ ናቸው፤ ውስጣቸው ሰው የለም። ሣጥኑ ብብቷ ውስጥ በተራመደች ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

የቆለፈችው የአጥር በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደፉ ላይ ወንድሟ አምባው ቆሟል።